የፓሌርሞ ከንቲባ ፊርማ፦ የሌኦሉካ ኦርላንዶ ሕይወትና ሥራ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ከንቲባ ነው። ሌኦሉካ ኦርላንዶ የሲሲሊ ዋና ከተማ የሆነችውን ፓሌርሞን በሦስት ዙር፣ በድምሩ ለ22 ዓመት ገደማ መርተዋል፦ ከ1985 እስከ 1990፣ ከ1993 እስከ 2000፣ ከ2012 እስከ 2022። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለ ሰውየው ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ማፊያው፣ አጃቢውና ጥይት የማይበሳው መኪና ነው። እኛ ወሬውን ወደ ቢሮው እንመልሰዋለን። ከንቲባ የዕለት ሥራው መፈረም ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ይፈርማል፣ የጨረታ ውል ይፈርማል፣ የነዋሪ መዝገብ ይፈርማል፣ በጀት ይፈርማል። ፓሌርሞ የተዘረፈችው በፊርማ ነው። ኦርላንዶም ስማቸው የተነሳውና የወደቀው እዚያው ፊርማ ላይ ነው።

ዘረፋው ከእሳቸው በፊት የነበረ ነው፤ ግን እሱን ሳናይ እሳቸውን መረዳት አንችልም። ሳልቮ ሊማ በ1958 ከንቲባ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ቪቶ ቻንቺሚኖ የሕዝባዊ ሥራዎች ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሁለቱም የክርስቲያን ዲሞክራቶች ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ቻንቺሚኖ ኋላ የማፊያ አባል ነህ ተብሎ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጋ የግንባታ ፈቃድ ወጣ። አብዛኛው የወጣው በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ስም ሲሆን ከእነሱም መካከል ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ጡረተኞች ነበሩ። ስም አበዳሪው ይፈርማል፣ ገንቢው ከጀርባ ይቆማል። «የወርቅ ሸለቆ» የሚባለው፣ ከተማዋን የከበበው የብርቱካንና የሎሚ እርሻ በሲሚንቶ ተዋጠ። ጣልያኖች ይህን ዘመን «የፓሌርሞ ዘረፋ» ይሉታል።

አንዱን ቤት ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። ቪላ ዴሊኤላ ይባላል። የነደፈው ኤርኔስቶ ባዚሌ ነው፤ በሲሲሊ በዘመኑ የሚስተካከለው አርክቴክት አልነበረም። ቤቱ ያለቀው በ1909 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የጣልያን የቅርስ ሕግ አንድ ሕንፃ ጥበቃ ሊደረግለት የሚችለው ነዳፊው ከሞተና ከተሠራ 50 ዓመት ከሞላው ነበር። ባዚሌ በ1932 ሞቷል፤ 50 ዓመቱም በ1959 መጨረሻ ላይ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የማፍረሻው ፈቃድ በኖቬምበር 1959 በጥድፊያ አለፈ። ቅዳሜ ኖቬምበር 28 ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ በተዘጋበትና አቤት የሚባልበት ባለሥልጣን በሌለበት ሰዓት ሠራተኞች ገቡ። መጀመሪያ የነኩት ጌጡን ነው፤ ጌጡ ከረገፈ «የሚጠበቅ ነገር የለም» ማለት ይቻላላ! ያ ሁሉ ሕጋዊ ነበር። ፈቃድ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ። ቦታው ላይ ግን ምንም ሳይሠራበት ቀረ፤ መኪና ማቆሚያ ሆነ።

ኦርላንዶ የተወለዱት በኦገስት 1 ቀን 1947 እዚያው ፓሌርሞ ውስጥ፣ ከደህና ቤተሰብ ነው። አባታቸው የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። ኢየሱሳውያን በሚያስተዳድሩት ጎንዛጋ ትምህርት ቤት ተምረው ሕግ አጠኑ፣ ጀርመን አገር ሃይድልበርግም ቆይተዋል፤ ጀርመንኛቸው ኋላ ላይ ለከተማዋ ወዳጅ በማፍራት ብዙ ጠቅሟል። በፓሌርሞ ዩኒቨርሲቲ የክልል አስተዳደር ሕግ አስተማሩ። ይህ ሙያ ደረቅ ይመስላል፤ ግን የትኛው ፊርማ የት ድረስ እንደሚዘልቅ የሚያስተምረው ይኸው ትምህርት ነው።

ወደ ፖለቲካ ያስገቧቸው የሲሲሊ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፒየርሳንቲ ማታሬላ ናቸው፤ ኦርላንዶ የሕግ አማካሪያቸው ነበሩ። ማታሬላ በፓሌርሞ ሊሠሩ የታሰቡ ስድስት ትምህርት ቤቶች ጨረታ እንዲመረመር አዘዙ። የተገኘው ነገር ቀላልና አስደንጋጭ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የቀረበው ተጫራች አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ እንዳይቀርቡ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል ማለት ነው። ማታሬላ ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ተገደሉ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጆ ከ2015 ጀምሮ የጣልያን ፕሬዚዳንት ናቸው። ኦርላንዶ በዚያው በ1980 ለከተማዋ ምክር ቤት ተመረጡ።

በዚያን ጊዜ የፓሌርሞ ከንቲባ መሆን ምን ማለት እንደነበር ሁለት ሰዎችን ብቻ እንጥቀስ። የሕፃናት ሐኪሟ ኤልዳ ፑቺ በ1983 የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው ዓመት ገደማ ቆዩ፤ በ1985 የገጠር ቤታቸው በፈንጂ ተመታ። ጁዜፔ ኢንሳላኮ በ1984 ጥቂት ወራት ብቻ በቢሮው ቆዩ፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 1988 በጥይት ተገደሉ። የጠቡ ሥር ያው ጨረታ ነበር። የመንገድና የፍሳሽ ጥገናው፣ እንዲሁም የመንገድ መብራቱ ለአሥርት ዓመታት በሁለት ድርጅቶች እጅ ነበር። ውሉ ባለቀ ቁጥር ያለ ጨረታ ይታደስ ነበር፣ አዲስ ጨረታ ይውጣ ያለ ከንቲባ ደግሞ አብላጫው ከእጁ ይከዳዋል። ከንቲባውን የሚሾመውና የሚሽረው ራሱ ምክር ቤቱ ስለነበር ይህ ቀላል ነው፤ 80 አባላት አሉት፣ በአንድ ማታ ጥቂት ወንበር ከዞረ ከንቲባው አበቃለት።

ኦርላንዶ በጁላይ 1985 በዚሁ መንገድ፣ በምክር ቤት ድምፅ፣ 38 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከንቲባ ሆኑ። ቻንቺሚኖ ከታሰረ ገና ዓመት አልሞላውም። ፓርቲው አዲስ ፊት ፈልጎ ነበር፤ ያገኘው ግን የፈለገውን ብቻ አይደለም።

ከመጀመሪያዎቹ ፊርማዎቻቸው ትልቁ ማዘጋጃ ቤቱን በማክሲ ችሎት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማፊያ ተከሳሾች በአንድነት በቀረቡበት ታላቅ ችሎት፣ የሲቪል ተከራካሪ ማድረጋቸው ነው። ይህ ምን ማለት ነው? በጣልያን ሕግ በወንጀል የተጎዳ ወገን የራሱን ጠበቃ ይዞ ከዐቃቤ ሕግ ጎን መቀመጥና ካሳ መጠየቅ ይችላል። «ማፊያ የሚባል ነገር የለም» የሚሉ ሹማምንት ሲፈራረቁበት የኖረው ማዘጋጃ ቤት «ተጎድቻለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። ችሎቱ ከኡቻርዶኔ እስር ቤት ጎን በተለይ በተሠራ የኮንክሪት አዳራሽ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1986 ተከፈተ፤ ተከሳሾቹ 475 ነበሩ። ዲሴምበር 16 ቀን 1987 ሲፈረድ 19 ሰው ዕድሜ ልክ፣ ሌሎቹ በድምሩ 2,665 ዓመት ተፈረደባቸው። ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ያጸናው በጃንዋሪ 1992 ነው።

በ1987 ኦርላንዶ የቀድሞውን ጥምረት አፍርሰው ከአረንጓዴዎችና ከግል ተመራጮች ጋር አዲስ አስተዳደር መሠረቱ፤ በ1989 ኮሚኒስቶቹም ገቡ። «የፓሌርሞ ጸደይ» የሚባለው ይህ ጊዜ ነው። ሮም ያሉት የፓርቲው አለቆች አልወደዱትም፤ በ1990 መጀመሪያ አስተዳደሩ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሜይ በተደረገው ምርጫ ኦርላንዶ በግላቸው ከ70,000 በላይ ድምፅ አገኙ፣ ፓርቲያቸውም አሸነፈ። ከንቲባ ግን አልሆኑም። ሕዝብ መረጣቸው፣ ምክር ቤት አልሾማቸውም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ፓርቲውን ለቀው በ1991 «ላ ሬቴ»፣ መረቡ ማለት ነው፣ የሚባል ንቅናቄ መሠረቱ።

ስለዚህ ዘመን ሲነገር ሊታለፍ የማይገባው ጥላ አለ። ኦርላንዶ በሜይ 1990 በቴሌቪዥን ቀርበው በፖለቲካ ግድያዎች ላይ ያሉ ማስረጃዎች በፍርድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈዋል አሉ። ንግግሩ ያነጣጠረው የማክሲውን ክስ ባዘጋጁት መርማሪ ዳኛ በጆቫኒ ፋልኮኔ ላይ ነበር። ፋልኮኔ በኦክቶበር 1991 በዳኞች ጉባኤ ፊት ቀርበው ራሳቸውን ለመከላከል ተገደዱ። ሰባት ወር ቆይቶ፣ ሜይ 23 ቀን 1992፣ ካፓቺ አጠገብ አውራ ጎዳናው ሥር በተቀበረ ፈንጂ ተገደሉ። ጁላይ 19 ደግሞ የሥራ ባልደረባቸው ፓኦሎ ቦርሴሊኖ በፈንጂ ተገደሉ። በሕግ ሰው የተባሉት ኦርላንዶ ማስረጃ ሳይዙ ስም ማጉደፋቸው በእኛ ግምት የሕይወታቸው ትልቁ ስህተት ነው፤ የሁለቱ ወዳጆች እስከ ዛሬ አላለፉላቸውም።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። ሲሲሊ በኦገስት 1992፣ መላው ጣልያን በማርች 1993 ከንቲባ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ ደነገጉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መራጩ ለከንቲባው ድምፅ ይሰጣል፣ ከንቲባው ካቢኔውን ራሱ ይሾማል፣ በማታ ስብሰባ የዞረ ወንበር አይጥለውም። በምላሹ ከሁለት ተከታታይ ዙር በላይ መቆየት አይችልም። ኦርላንዶ በኖቬምበር 21 ቀን 1993 በመጀመሪያው የምርጫ ዙር ከመቶ 75 እጁን ድምፅ አገኙ። በ1997ም እንደገና ተመረጡ።

ይህ ሁለተኛው ዘመን በሥራ የበለጸገው ነው። የድሮው ከተማ፣ 240 ሄክታር ገደማ፣ ከ1943ቱ የአየር ድብደባ ጀምሮ ፍርስራሹ እንኳ ሳይነሳ ቆይቶ ነበር። በ1951 ከ100,000 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር፤ አርባ ዓመት ቆይቶ ወደ ሩብ ግድም ወርዷል። በመጀመሪያው ዘመናቸው ቤኔቮሎ፣ ቼርቬላቲና ኢንሶሌራ የተባሉ ሦስት የታወቁ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ዝርዝር ፕላን እንዲያወጡ ተደርጎ ነበር፤ ፕላኑ በ1993 ጸደቀ። መሠረተ ሐሳቡ አጭር ነው፦ ቤት በቤት ታይቶ የቆመው ይጠገናል፣ የወደቀው በነበረበት መልክ ይመለሳል፣ በመሃል ፎቅ አይተከልም። ችግሩ ባለቤትነት ነበር። አንድ ሕንፃ በውርስ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፣ ግማሹ ወራሽ አገር ለቆ ሄዷል፣ አንዱ ካልፈረመ ጥገና የለም። የክልሉ ሕግ ቁጥር 25 የ1993 ለግል ባለቤቶች የገንዘብ ድጋፍ ባይሰጥ ኖሮ ፕላኑ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። ያም ሆኖ ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ዛሬም ድረስ ቆርቆሮ የታጠረባቸው ፍርስራሾች አሉ።

ቴያትሮ ማሲሞን ሳንጠቅስ አናልፍም። በስፋት ከአውሮፓ የኦፔራ ቤቶች ከፓሪስና ከቪየና ቀጥሎ የሚጠራ ነው። የነደፈው የኤርኔስቶ ባዚሌ አባት ሲሆን አባትየው ሲሞት ያስጨረሰው ልጁ፣ ያው የዴሊኤላው ኤርኔስቶ ነው። በሜይ 16 ቀን 1897 ተከፈተ። በ1974 ለጥገና፣ በተለይ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከደህንነት ደንብ ጋር ለማስማማት፣ «ለጥቂት ጊዜ» ተብሎ ተዘጋ። ጥቂቱ ጊዜ 23 ዓመት ሆነ። ተቋራጭ ይቀያየራል፣ በጀት ያልቃል፣ የተጀመረው ሥራ እስኪቀጥል ያረጃል፣ ያረጀው እንደገና ይጠገናል፤ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። በሜይ 12 ቀን 1997፣ መቶ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው፣ በክላውዲዮ አባዶ የሚመራው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ በተገኘበት ተከፈተ። ጣሪያ አልባው የስፓዚሞ ቤተ ክርስቲያን በ1995 የሙዚቃ መድረክ ሆነ። ባዚሌ የቤት ዕቃ ይነድፍበት የነበረው የዱክሮት ፋብሪካም የባህል ማዕከል ሆኗል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንዳንድ ሐውልት ወይም ሕንፃ «በጉዲፈቻ» ወስደው ተማሪዎቹ ለጎብኚ ያስረዱ ጀመር። ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የበለጠው ግን እሱ ነው፤ ፓሌርሞ ልጆቿ የራሳቸውን ሰፈር ስም በኩራት ሲጠሩ የሰማችው ያኔ ነው።

ኦርላንዶ ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ነበር የሚያስረዱት። የሲሲሊ ጋሪ ሁለት ጎማ አለው፤ አንዱ ሕግ፣ ሌላው ባህል ነው። አንዱ ብቻ ከዞረ ጋሪው እዚያው ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። በዲሴምበር 2000 የተባበሩት መንግሥታት ድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀልን የሚመለከተውን ስምምነት በፓሌርሞ ሲያስፈርም ከ120 በላይ አገሮች ፈረሙ። በዚያው ወር ኦርላንዶ ለክልሉ ፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ቢሮውን ለቀቁ፤ በ2001 በሳልቫቶሬ ኩፋሮ በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ኩፋሮ ማፊያን በመርዳት በ2011 ሰባት ዓመት ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። በ2007 ደግሞ ለከንቲባነት ተወዳድረው በዲዬጎ ካማራታ ተሸነፉ።

በ2012 የተመለሱባት ከተማ ገንዘብ የሌላት ነበረች። በሁለተኛው የምርጫ ዙር 72 ከመቶ አግኝተው ገቡ፤ በ2017 ደግሞ 46 ከመቶ አግኝተው በመጀመሪያው ዙር አለፉ፣ በሲሲሊ ሕግ ለዚህ 40 ከመቶ ይበቃልና። የከተማዋ ቆሻሻ ሰብሳቢ ድርጅት በ2013 ከሰረ፤ በቦታው ሌላ ተቋቋመ። በ2015 መጨረሻ አራት መስመር ያለው ትራም ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የዓረብ-ኖርማን ሕንፃዎቿ ከሞንሬያሌና ከቼፋሉ ካቴድራሎች ጋር በዩኔስኮ ተመዘገቡ። በ2018 የጣልያን የባህል መዲና ሆነች።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ጣልያን የሚኖር አበሻ «ሶጆርኖ» እና «አናግራፌ» የሚሉትን ቃላት በደንብ ያውቃል። ሶጆርኖ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው፣ ፖሊስ ይሰጣል። አናግራፌ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎች መዝገብ ነው። ሰውየው ፈቃዱንና የሚኖርበትን ቤት ማስረጃ ይዞ ያመለክታል፤ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ በ45 ቀን ውስጥ የከተማ ፖሊስ ቤቱ መጥቶ ያጣራል፤ ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠራል። መታወቂያ የሚገኘው ከዚህ መዝገብ ነው። በ2018 መጨረሻ የወጣው የደህንነት ሕግ በአንቀጽ 13 ጥገኝነት ጠያቂው የያዘው ሶጆርኖ ለአናግራፌ አይበቃም አለ። አገልግሎት ባረፉበት ቦታ ይሰጣችኋል ይላል ወረቀቱ፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን የነዋሪነት ማስረጃ አምጡ ይላል። ባንክም፣ የቤተሰብ ሐኪም ምደባም፣ የሥራ ስምሪትም እዚያው ላይ ይቆማሉ።

ኦርላንዶ በዲሴምበር 2018 ለመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፉ፦ አንቀጹ ከሰብአዊ መብት አንጻር እስኪጠና ተግባራዊነቱ ይቁም። ጉዳዩ በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ሲሰማ አገሩ ተናወጠ። ከሕግ አንጻር የቆሙበት መሬት ስስ ነበር። ከንቲባ መዝገቡን የሚይዘው እንደ ከተማ መሪ አይደለም፣ እንደ መንግሥት ሹም ነው፤ በዚህ ጉዳይ የበላዩ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ነው። ሕግ የማገድ ሥልጣን የለውም። ነገር ግን እሳቸው የፈለጉት ጉዳዩ ዳኛ ፊት እንዲደርስ ነበር። በጁላይ 2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በውሳኔ ቁጥር 186 አንቀጹን ሻረው፤ የእኩልነት መብትን ይጥሳል፣ በዚያ ላይ መዝገብ ላይ የሌለን ሰው መከታተል ስለሚከብድ ሕጉ ለራሱ ዓላማም እንቅፋት ነው አለ። ከዚያ በፊት በ2015 የፓሌርሞ ቻርተር በሚባለው ሰነድ ኦርላንዶ የመኖሪያ ፈቃድ ጭርሱን እንዲቀር ጠይቀው ነበር፤ በ2013 ደግሞ የውጭ አገር ነዋሪዎች 21 ተወካዮቻቸውን የሚመርጡበት የባህሎች ምክር ቤት አቋቁመዋል። ከፓሌርሞ ጠባቂ ቅዱሳን አንዱ ቤኔዴቶ «ጥቁሩ»፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ከአፍሪካውያን ባሮች የተወለደ ነው፤ በድሮ ጽሑፎች «ኢትዮጵያዊ» ተብሎም ይጠራል፣ ያን ጊዜ ቃሉ ጥቁር ሰውን ሁሉ ይጠራበት ነበር።

ነገር ግን ያ ደፋር እጅ የዕለት ሥራው ላይ ዛለ። የሮቶሊ መካነ መቃብር በሞንቴ ፔሌግሪኖ ግርጌ፣ ባሕሩ ዳር ነው። በ2020 የአስከሬን ማቃጠያ ምድጃው ተበላሸ። ምድጃው አርጅቷል፣ ምትኩ አልተገዛም፤ ቀብር ቦታውም ሞልቷል። ሳጥኖቹ መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ፣ ከዚያ ድንኳን ሥር ተደረደሩ። ቁጥራቸው ከ1,000 አለፈ። ሟቻቸውን ለወራት መቅበር ያቃታቸው ቤተሰቦች አበባ የሚያኖሩት ሳጥኑ ላይ ነበር።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ከበጀቱ ይነሳል። ማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ ግብርን ሙሉውን ገቢ ብሎ ይጽፋል፤ ብዙ ሰው አይከፍልም። ከ2015 ወዲህ ባለው የሂሳብ ደንብ ሊሰበሰብ የማይችለው ያህል ገንዘብ በመጠባበቂያነት መታሰር አለበት። ያልተሰበሰበው በበዛ ቁጥር የሚታሰረው ይበዛል፣ የሚወጣው ያንሳል። በጀቱ ይዘገያል፤ በጀት ካልጸደቀ ቅጥር የለም፣ አዲስ ውል የለም፤ ጡረታ የወጣውን መሐንዲስ የሚተካ ከሌለ የምድጃውን ጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ የለም። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቤሎላምፖም በዚሁ መንገድ ሞልቶ ቆሻሻው መንገድ ላይ ተከመረ። የግብር አሰባሰብን ማስተካከል ፎቶ የሚነሳበት ሥራ አይደለም፤ ቀዳሚዎቻቸው ያበላሹት መሆኑ እውነት ቢሆንም ኦርላንዶ አሥር ዓመት ነበራቸው።

በጁን 2022 በኦርላንዶ ቦታ ሮቤርቶ ላጋላ ከንቲባ ሆኑ። ሁለት ተከታታይ ዙር ስለጨረሱ ኦርላንዶ መወዳደር አይችሉም ነበር። በ2024 በአረንጓዴዎችና ግራዎች ጥምረት ዝርዝር በ76 ዓመታቸው የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆኑ፤ በ1990ዎቹም እዚያው ነበሩ። የቪላ ዴሊኤላ ቦታ ቢሯቸውን ሲለቁም መኪና ማቆሚያ ነበር።